ድንኳን ሰፊው ወጋየሁና የዘለቃሽ ሸራ

ጎፋ ውስጥ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫዎቹ አለፍ ብሎ በቆርቆሮ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለች አንዲት ቤት አለች። በግራ በኩል ወጋየሁ ድንኳን ይሰፋባታል፤ በቀኝ በኩል በቀለች የሴት ቀሚስ ትሰፋባታለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሁለቱ የስፌት መኪናዎች በግድግዳው እየተሰማሙ ኖረዋል። የሱ ከባድና ዝግተኛ ነው፣ የሽማግሌ ምርቃት ይመስላል። የሷ ቶሎ ቶሎ ይላል፣ ሚዜዎች ጓዳ ገብተው የሚሳሳቁ ይመስል።

ወጋየሁ እየሰፋ ያንጎራጉራል። ድምፁ ጎርናና ነው፤ ግጥሙ ግን የራሱ ነው። ከየት እንደሚያመጣው ሚስቱ ጸሐይወርቅ እንኳን አታውቅም።

ድንኳን ተካይ ነበርኩ ለሰው ሠርግና ሞት፣
የራሴን ልብ ነፋስ ገባበት ወጣበት።

ይህን ሲል ከግድግዳው ማዶ በቀለች «እሰይ ጋሼ! ድገማት!» ትለዋለች። እሱም ይደግማታል። እንዲህ ነበሩ፤ ዘለቃሽ የምትባል ጀልባ በመሃላቸው እስክትገባ ድረስ።

ወጋየሁ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። አባቱን አያውቅም። እናቱን የቀበረው በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ሐምሌ ሲጋመስ ነው። የእድሩ ድንኳን ያን ሰሞን ሆዱን ነፍቶ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ለቀስተኛው ንፍሮውን እየቆረጠመ ሳለ ሸራው መሃል ለመሃል ተተረተረና አንድ በርሜል የሚሞላ ቀዝቃዛ ውኃ በሰዉ አናት ላይ ወረደ። አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያማ ማን ያቁመው! እናቱ በተቀበረች በማግሥቱ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ሲስቅ ቁጭ ብሎ ሰማ። ወሩ ሳይወጣ መርካቶ ወርዶ የጭነት መኪና ሸራ ከሚሰፋ ሰው ዘንድ ገባና «ውኃ የማይተኛበት ድንኳን መስፋት አስተምረኝ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ መወጠር። ሸራ ሆድ ካወጣ ውኃ ይቋጥራል፤ ውኃ ከቋጠረ ሰው ያዋርዳል። ጨርቁን ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፣ ቀጥ አድርጎ ይሰፋል፣ ሲተከልም እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ይቆማል። ከሀና ማርያም እስከ ፉሪ ያሉ የእድር ዳኞች ሌላ ሰፊ አያውቁም። ለሠርጉም፣ ለሰደቃውም፣ ለጸሎት ኮንፈረንሱም «የወጋየሁን አምጡ» ነው የሚባለው። ያ ስም ነው ሀብቱ። ሌላ የሚኮራበት ነገር ፈልጎም አያውቅም ነበር።

ፈየራ ፉሪ ውስጥ ፋይበር ግላስ የሚሠራ የአርባ ዓመት ሰው ነው። የመኪና መከላከያ፣ የውኃ ታንከር፣ የልጆች መንሸራተቻ ይሠራል። ከዚያ በፊት ሞምባሳ ወደብ፣ አንድ የጀልባ መሥሪያ ግቢ ውስጥ፣ ስምንት ዓመት ተቀጥሮ ኖሯል። ሲመለስ አንዲት ምኞት ይዞ ተመለሰ። አንድ ሰው ብቻውን ውቅያኖስ የሚያቋርጥባት፣ ሞተር ሳያስነሳ በነፋስ ብቻ የምትሮጥ የውድድር ጀልባ፣ እዚሁ ባሕር በሌለበት ከተማ ሠርቶ ከባሕርተኞቹ ጋር መወዳደር።

ንድፏን በወረቀት ላይ አልተወውም። የግቢውን ሲሚንቶ አጥቦ በሙሉ ቁመቷ በጠመኔ ሣላት፣ ስድስት ሜትር ተኩል። ረጅም ቀጭን እንጨት በሚስማሮች መካከል እያጎበጠ ጎኗን አወጣው። ሦስት ወር ሣለ፣ ሦስት ወር አጠፋ። አፍንጫዋን እንደሌሎቹ ሹል አላደረገውም። ደፍጠጥ አድርጎ፣ ማዕበሉን ከመውጋት ይልቅ በላዩ እንድትንሸራተት አድርጎ ሠራት። አካሏን በኮምፔንሳቶ ገጣጥሞ በፋይበር ግላስ ለበጣት። ከሆዷ ሥር ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የቀለጠ ሦስት መቶ ኪሎ እርሳስ አንጠለጠለላት፤ ነፋስ ሲያጋድላት መልሶ የሚያቆማት እሱ ነው። ስሟንም በአያቱ ስም ዘለቃሽ አላት።

ሸራዋን ማን ይስፋ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ሠፈሩ ባንድ አፍ ወጋየሁ አለ። ፈየራም የጨርቁን ጥቅል ተሸክሞ ከሱቁ ደጃፍ ቆመ።

«ጋሽ ወጋየሁ፣ ሕይወቴን የምሰቅልበት ጨርቅ ነው። ካንተ ሌላ ሰው አላምንም።»

ያን ቀን ወጋየሁ ምሳውን አልበላም፤ ደስታ አጠገበው። ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በእጁ የሰፋው ጨርቅ ግን ከለቅሶ ቤት ወጥቶ፣ ከእድር መጋዘን አምልጦ፣ ዳርቻው በማይታይ ውኃ ላይ ሲሄድ ታየው። ሁለት ወር ሰፋ። ከግድግዳው ማዶ በቀለች «ጋሼ እኛንም እንዳትረሳ፣ ባሕር ማዶ ስትታወቅ!» እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱም እየሳቀ ይሰፋ ነበር። አንድም እጥፋት፣ አንድም ሽብሽብ የሌለበት ሸራ ወጣው። በጣት ሲነካ ይጮኻል።

ጀልባዋን ሊሞክሯት ላንጋኖ ሐይቅ ወረዱ። አንድ ሚኒባስ ሙሉ የሠፈር ሰው ተከትሏል፤ በቀለችም ዳቦዋን ይዛ መጥታ ነበር። ሸራው ምሰሶው ላይ ወጣ። አማረ። ነፋሱ መጣ፤ ነፋሱ ሸራውን መታው፤ ሸራው ዝም አለ። ዘለቃሽ እንደ ታሰረች ላም ባለችበት ትወዛወዝ ጀመር። ፈየራ ገመዱን ሳበ፣ ለቀቀ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳው እየቀዘፈ አጠገቧ መጣና አልፏት ሄደ። ከዳር የቆመው ሰው ሳቀ።

ወጋየሁ ያንን ሳቅ ያውቀዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት የሸሸው ሳቅ ነው።

ፈየራ ወደ ዳር ተመልሶ «ጋሼ፣ ነፋሱ አይይዘውም። ተንሸራትቶ ያመልጣል» አለ። ያን ጊዜ በቀለች ዳቦዋን አስቀምጣ፣ ሸራውን ከላይ እስከ ታች አየችና ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«እንዴ ጋሼ፣ ደረት አልሠራህላትም እኮ!»

«የምን ደረት?»

«የሴት ልጅ ደረት ነዋ! ቀጥ ያለ ጨርቅ ገላ ላይ አይሞላም። ጠርዝ ጠርዙን ሾጠጥ ስታደርገው መሃሉ ይነፋል። ነፋሱም ገላ ነው፤ መግቢያ ይፈልጋል።» ከጸጉሯ ሥር መርፌ መዘዘች፤ ሰፊ ሴት ሁልጊዜ መርፌ አታጣም። ከሁለት መገጣጠሚያዎች ጫፍ ጫፉን ሰብስባ በረጃጅሙ ሸመቀቀችው። «በል ሂድ» አለችው ፈየራን።

ሸራው ተነፋ። ዘለቃሽ ወደ ጎኗ ዘንበል አለች፣ ልክ ስሟን የጠሯት ሴት ዞር እንደምትል። ከዚያ ሄደች። ዓሣ አጥማጁን አልፋ፣ አረፋ እየጎተተች፣ ወደ ማዶው ተራራ። ሰዉ እልል አለ። ፈየራ ከመሃል ሐይቅ ይጮኽ ነበር፤ የሚጮኸው «በቄ! በቄ!» እያለ ነው።

ወጋየሁም አጨበጨበ። እጆቹ ሲያጨበጭቡ አያቸው፤ የሌላ ሰው እጆች መሰሉት።

ከላንጋኖ ማግሥት ሸራው ከግድግዳው ማዶ ተሻገረ። የሁለት ወር ስፌቱን በቀለች በምላጭ ስትፈታው ሰማ። ክሩ ሲበጠስ ጥስ ጥስ ይላል፤ እያንዳንዷ ድምፅ ደረቱ ላይ ታርፋለች። በአንድ ሳምንት ከስንት ዓመት ጀምሮ ያላየውን አየ። ቀሚስ ሊያሠሩ የሚመጡት ሴቶች ሲገቡና ሲወጡ እንደሚስቁ። ስሟ ከሱ ስም ይልቅ ለአፍ እንደሚቀል። መኪናዋ እንኳን አዲስ መሆኑን። ማንጎራጎሩንም ተወ።

«ጋሼ፣ ዛሬም ዘፈን የለም?» ትላለች በቆርቆሮው በኩል።

«ጉሮሮዬን አሞኛል።»

«ዝንጅብል ላምጣልህ?»

«ተይው።»

ደግ መሆኗ ባሰበት። ክፉ ብትሆን ይጠላታል፤ መጥላት ከመቅናት ይቀላል፣ ሰው እንኳን ያግዝሃል። ቅናትን ግን ብቻህን ነው የምትሸከመው።

በሁለተኛው ሳምንት «ጋሼ፣ ና እስቲ እይልኝ!» ብላ ጠራችው። ገባ። ሸራው የክፍሏን ወለል ሞልቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣ ወንበር ላይ ወርዶ፣ እንደ ነጭ ደመና ተኝቷል። መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ቀስ ብለው ይጎብጣሉ። ዕድሜውን ሙሉ ከቀጥታ መስመር ሌላ አላመነም፤ እነዚህ ጉብጠቶች ግን ዜማ ነበራቸው። ዓይኑን ሊያሸሽ ሲል ጠረጴዛው ላይ ያለው የክር ጥቅል ላይ አረፈ። ነጭ፣ ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ። የቀሚስ ክር።

ወጋየሁ ያንን ክር ያውቀዋል። ቀሚስ ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖረው፤ በቀለች ክሯ ፀሐይ ላይ ሲከርም አይታ አታውቅም። ድንኳን ግን ፀሐይ ላይ ይውላል። እንዲህ ያለው ክር በስድስት ወር ይደርቃል፣ በአሥር ወር ዱቄት ይሆናል። በሞምባሳ ፀሐይማ ሊፈጥን ይችላል። ለዚህ የሚሆነው ወፍራም ክር በዚያች ሰዓት ከራሱ መደርደሪያ ላይ አራት ጥቅል ተቀምጧል።

«ምን ቀረኝ? እውነቱን ንገረኝ፤ አንተ ነህ የሸራ ሰው» አለች።

«ምንም» አለ ወጋየሁ። «ቆንጆ ነው።»

ወደ መኪናው ተመልሶ ተቀመጠና፣ ከብዙ ቀን በኋላ፣ ለራሱ ብቻ እንዲህ አለ፦

ቅናት እንደ ብል ነው ሳጥን አያስጥለው፣
ከጨርቁ መካከል ያማረውን በላው።

ዘለቃሽ በጭነት መኪና በሞያሌ በኩል ወደ ሞምባሳ ወረደች። የመጀመሪያው ውድድሯ አጭር ነበር፣ ከሞምባሳ እስከ ዛንዚባር። ከዘጠኝ ጀልባ ሁለተኛ ወጣች። ፈየራ የላከው ቪዲዮ በአንድ ቀን ከጎፋ እስከ ፉሪ ስልኩን ሁሉ አዳረሰ። ሰማያዊ ውኃ፣ ያጋደለች ጀልባ፣ የተነፋ ነጭ ሸራ። በቀለች ፎቶውን አሳትማ ከሱቋ በላይ ሰቀለችው፤ ሰዉም «የጀልባዋ ሰፊ» ይላት ጀመር። ቀሚስ የማያስፈልጋቸው ሴቶች እንኳን ሊያዩአት ይመጡ ነበር።

ወጋየሁ ሱቁን ሲከፍት ፎቶው ሥር ያልፋል። ቀና ላለማለት አንገቱን ያስተማረው በዚያ ሰሞን ነው።

ጥር ላይ የፉሪ እድር ሽማግሌ አቶ ዋቅጅራ አረፉ። ድንኳኑ የወጋየሁ ነበር፤ ከሰፋቸው ሁሉ ትልቁ። በሠልስቱ ዕለት ሊያየው ሄዶ ጥግ ተቀመጠ። ሰዉ በጥላው ሥር ተቀምጦ የሚያወራው ስለ ሞምባሳ ነበር።

«የኛዋ በቀለች እኮ ፈረንጆቹን አስደንግጣለች አሉ!» አለ አንዱ፣ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፎ።

«ምኑን ተማረችው?»

«ምን ትማራለች፣ እጅ ነው! እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው።» ከዚያ ወጋየሁን አየውና ሳቀ። «ወጌ! አንተ ለሬሳ ስትሰፋ እሷ ለባሕር ሰፋች እኮ፣ አትቀናም?»

«ምን ያስቀናኛል» አለ ወጋየሁ፤ አባባሉ ግን ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ አሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲያ ቅናቱ የግል ንብረቱ መሆኑ ቀረ። መንገድ ላይ ሲያልፍ «ቀናተኛው መጣ» ይሉት ጀመር፣ በፍቅርም ቢሆን።

እንዲህ እያለ አሥር ወር ሞላ። ዘለቃሽ ሞምባሳ፣ የፈየራ ወዳጅ በሚያስተዳድራት የጀልባ ትምህርት ቤት ቆይታ ነበር። ተማሪዎች ሲለማመዱባት ከረሙ፤ ሸራዋ ከፀሐይ የወረደበት ቀን ጥቂት ነው። አሁን ትልቁ ውድድር ቀረበ። ከሞምባሳ ተነስቶ እስከ ሲሸልስ ደሴቶች፣ አንድ ሺህ ማይል ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ አንድ ሰው በአንድ ጀልባ፣ በመሃል ወደብ የለም። ደንቡ ሸራው ላይ ቁጥር እንዲሰፋ ስለሚያዝ ፈየራ ሸራውን አጣጥፎ ይዞት መጣ።

በበቀለች ደጃፍ ላይ ሲዘረጋው ወጋየሁ ከሱቁ ሆኖ አየው። አልነካውም። መንካት አላስፈለገውም። ነጩ ክር የሻይ ቀለም ይዟል።

አሁን ነገሩ ግልጽ ነበር። ሸራው እንደዚህ ከሄደ፣ ከየብስ አራትና አምስት ቀን ርቆ፣ ጠንካራ ነፋስ ሲመጣ ከላይ እስከ ታች ይተረተራል። ፈየራም ሸራ በሌላት ጀልባ ከመሃል ውቅያኖስ ብቻውን ይቀራል። ይህን በምድር ላይ የሚያውቅ ሰው አንድ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ በቀለች ደጃፍ ሄደ። ሁለት ደንበኞች ነበሩ። አንዷ «እስቲ ያንን ሸራ ልንካው» እያለች ትዳብሰዋለች።

«ጋሼ፣ ምን ፈለግህ?» አለች በቀለች።

«መቀስ አውሺኝ።»

መቀሱን ይዞ ተመለሰ። የራሱ ሦስት መቀስ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ጠበቀው።

ማታ እራት ላይ ጸሐይወርቅ መቀሱን አየችው። «ይኸ የማን ነው?» አለች። ሊዋሽ ሞከረ፤ ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት፣ ተወው። ሁሉንም ነገራት። እጇን ከማዕዱ ሰበሰበች።

«እና ነገ ብትናገር ማን ያምንሃል? አገሩ ሁሉ እንደቀናህ ያውቃል።»

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«እኔማ ከሁሉ ቀድሜ ነዋ! ዘፈን ያቆምክ ዕለት።» «ስማ ወጌ። ካልተናገርክ፣ የኔ ቀን ሲደርስ ያንተን ድንኳን እንዳትተክልብኝ። የሌላ ሰው ቢያፈስብኝ ይሻለኛል።»

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ የፈየራ ፒካፕ ከሱቆቹ ፊት ቆመች። ሊሸኙት ሃያ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። ሸራው ቁጥሩ ተሰፍቶበት፣ እግረኛ መንገዱ ላይ ሊታጠፍ ተዘርግቷል። ወጋየሁ ከሱቁ ወጣ።

«ፈየራ፣ ይኸ ሸራ አይሄድም።»

«ለምን ጋሼ?»

«ክሩ ሞቷል። ባሕር ላይ ይተረተራል።»

አንዱ ፈነዳ። «ወጌ ተው! በሽኝት ቀን እንኳን?» ሌላው «ቅናት ገደለው እኮ፣ ጸበል ውሰዱት!» አለ። በቀለች ፊቷ ቀላ። «ጋሼ፣ በሰው ፊት እንዲህ ታዋርደኛለህ?» አለች።

በቃል እንደማይሆን ገባው። ተንበረከከ፤ ከመሃል ያለውን መገጣጠሚያ በሁለት እጁ ይዞ ሳበ። አንድ ክንድ ያህል ተከፈተ።

«ቀደደው! ያዙት! ቀደደው!»

ሁለት ጎረምሶች ክንዱን ጠምዝዘው አነሡት። ፈየራ ግንባሩን ይዞ ቆመ። አንዲት ሴት «ምን ዓይነት ልብ ነው?» ብላ ለቅሶ ቃጣት። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ጎንበስ ያለችው በቀለች ብቻ ነበረች። ጨርቁን አየችው፤ ጨርቁ አልተቀደደም። የተከፈተው ስፌቱ ነው። ከጠርዙ ላይ አንዲት የክር ቁራጭ አነሣችና በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አሸችው። ክሩ ልሞ ዱቄት ሆነ። ሌላ አነሣች። እሱም።

«ልቀቁት» አለች።

ለቀቁት። ተነሥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። አሥራ አንድ ዓመት ጋሼ ያለችው አፏ አሁን ጋሼን ተወው።

«ወጋየሁ፣ መቼ ነው ያወቅኸው?»

ዛሬ ማለት ይችል ነበር። ትናንት ማለትም ይችል ነበር፤ ማን ይመረምረዋል? እንዲያውም ጀግና ይሆን ነበር።

«ገና ስትሰፊው» አለ። «ምን ቀረኝ ብለሽ የጠየቅሽኝ ዕለት።»

ማንም አልሳቀም። ፈየራ ዞር ብሎ ፒካፗን ተደገፈ። ትከሻው ብቻ ይታይ ነበር።

ጉዞው ሁለት ቀን ተራዘመ። የበቀለች መኪና ወፍራሙን ክር ስለማይችል ሸራው ወደ ወጋየሁ ሱቅ ገባ። አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም፤ እሱ ይሰፋል፣ እሷ ጨርቁን ይዛ ትመራለታለች። ሁለት ቀን ሙሉ ከሦስት ቃል በላይ አልሰጠችውም፤ «ሳብ»፣ «ልቀቅ»፣ «ተው»። ብዙውን ጊዜ «ተው» ነበር። እጁ ከለመደው አይወጣምና፣ መስመሩ በጎበጠ ቁጥር ጣቶቹ ሊያቀኑት ይሞክራሉ። ጉብጠቷን ስንዝር በስንዝር ሲከተል፣ የት ቦታ እንደጀመረች፣ የት እንዳሰበች፣ የት ላይ በድፍረት እንደለቀቀችው በጣቱ አነበበው። እንዲህ ያለ ነገር እሱ በሌላ ሠላሳ ዓመትም አያወጣውም። ያን ማወቁ ቅናቱን አላበረደውም፤ ጭራሽ ቦታውን አሳየው። ንስሐ የገባ ሰው ይቀለዋል ይባላል። ወጋየሁን አልቀለለውም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፒካፗ ስትነሣ ፈየራ እጁን ለሁሉም አውለበለበ፤ ለወጋየሁ ግን አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ወጋየሁ በሱቁ በር ቆሞ በቀስታ እንዲህ አለ፦

ሂጂ ውኃ አቋርጪ ነፋሱን ጠጥተሽ፣
እኔን በደረቅ ምድር ለሐሜት ሰጥተሽ።

የውድድሩ አዘጋጆች በስልክ የሚታይ ካርታ ነበራቸው፤ እያንዳንዷ ጀልባ አንዲት ነጥብ ናት። አሥራ አራት ነጥቦች ከሞምባሳ ተነሡ፤ የዘለቃሽ ቢጫዋ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ስምንተኛ፣ በሦስተኛው አምስተኛ። ያ ደፍጠጥ ያለው አፍንጫዋ ማዕበል ላይ ሲወጣ ሹሎቹን ትቀድማለች ማለት ነው፣ ፈየራ እንዳለው። በበቀለች ሱቅ ውስጥ ሰዉ ተሰብስቦ ያያል። ወጋየሁ በጸሐይወርቅ ስልክ፣ ለብቻው። በአራተኛው ቀን ነጥቧ አራተኛ ስትሆንና ከግድግዳው ማዶ እልልታው ሲቀልጥ፣ ለአንዲት አፍታ «ትንሽ ብትዘገይስ» ብሎ ተመኘ። ትንሽ ብቻ። በስድስተኛው ቀን ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ፤ ሦስት ጀልባዎች ምሰሷቸው ተሰብሮ ከውድድር ወጡ። ቢጫዋ ነጥብ ከሰዓት በኋላ ቆመች። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። ወጋየሁ ስልኩን ይዞ ወደ በቀለች ሱቅ ገባ፤ ስፌቱ ከተከፈተበት ቀን በኋላ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ማንም አላናገረው። ቆሞ የሰፋውን ስፌት አንድ በአንድ በልቡ ሄደበት፤ የላይኛውን፣ የመሃሉን፣ ሁለት ጊዜ የደገመውን የታችኛውን ማዕዘን። በአምስተኛው ሰዓት ነጥቧ ተንቀሳቀሰች። ፈየራ ሸራውን በከፊል አውርዶ ነፋሱን አሳልፎ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ዘለቃሽ ሲሸልስ ገባች፣ ሦስተኛ ሆና።

የቪዲዮ ጥሪው ሲመጣ የበቀለች ሱቅ መቆሚያ አልነበረውም። የፈየራ ፊት ተልጦ፣ ከንፈሩ በጨው ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኑ ብቻ ይስቅ ነበር። «በቄ! ሸራሽ! ሸራሽ እንዴት አድርጎ እንዳመጣኝ!» እያለ ይጮኻል። ሰዉ አቀፋት፣ ሳማት። ወጋየሁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፈየራ በሕይወት አለ፤ ያ ከትከሻው ላይ ድንጋይ አወረደለት። ወዲያው ግን ያች የታወቀች ነገር ከሥር ብቅ አለች። ሸራሽ ነው ያለው። ሸራችሁ አላለም።

አንዲት ልጅ ለቲክቶክ ስልኳን ደቅና «በቄ፣ ይኼን ሁሉ ብቻሽን ነው የሰፋሽው?» አለቻት።

በቀለች ከመመለሷ በፊት ወደ በሩ አየች።

«ቅርጹ የኔ ነው። ስፌቱ የሱ ነው» አለች በጣቷ እያመለከተች። «ክሩ እንደሚበጠስ እያወቀ አሥር ወር የደበቀኝም እሱ ነው። ስትለጥፉት ሁለቱንም ለጥፉ።»

ልጅቱ ስልኳን ወደ ወጋየሁ አዞረች። «እውነት ነው ጋሼ?»

«እውነት ነው። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።»

«ግን ለምን?»

«ቀንቼ ነዋ።»

«አሁንስ?» አለች በቀለች ከልጅቱ ቀድማ።

ወጋየሁ ከፊቱ የተሰበሰበውን ሰው አየ፤ ከዚያ እሷን።

«አሁንም» አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አፈነ፤ ሌላው አልቻለም፤ ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ወጋየሁ ባለበት ቆመ፣ ወጥቶ አልሄደም። በቀለች አልሳቀችም። ከጠረጴዛው ላይ የተበተነ ጨርቅ እየሰበሰበች ቆይታ፣ ሳቁ ጋብ ሲል እንዲህ አለችው፦

«እንግዲያው ፈየራ ሁለተኛ ሸራ ይፈልጋል። ከባዱን መኪናህን አምጥተህ እዚህ ትተክላለህ። ዓይኔ ሥር ነው የምትሰፋው።»